ራሱን የሚያጎርስ ብረት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በስተምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ አንኮበር ደርሶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሲወጣ፣ ዐይኑን የሚይዘው ከግንቡ የተረፈው ድንጋይ ሳይሆን ከኮረብታው ወዲያ ያለው ገደል ነው። ደጋው እዚያ ላይ በድንገት ያልቃል። ምድር ተሸንሽና ወደ አፋር ቆላ ትወርዳለች፤ ጧት ጉም ሞልቶት እንደ ባሕር የተኛው ሸለቆ ረፋዱ ላይ ሲገለጥ ቡናማው ሜዳ ከሩቅ ይታያል። ቦታው አንኮ የተባለች የጥንት ንግሥት በር ነበረ፣ ስሙም ከዚያ ወጣ ይላል አፈ ታሪኩ። ንግሥቲቱ ትኑር አትኑር፣ በርነቱ ግን አያከራክርም። የሸዋ ነገሥታት ከባሕር የሚመጣውን ሁሉ የሚጠብቁትና የሚቀበሉት በዚህ በር ነበረ።

ከታጁራ የተነሣው ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ ፋሬ ሲደርስ ግመሎቹ ያራግፋሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው አቀበት የግመል አይደለም። ጭነቱ በበቅሎና በአህያ፣ ሲብስም በሰው ጀርባ፣ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ አንኮበር ይወጣል። አሞሌው፣ ጨርቁ፣ ዶቃው በዚህ ወጥቷል። የዝሆን ጥርሱ፣ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የታሠረው ባሪያም በዚሁ ወርዷል፤ ይህን የመጨረሻውን መዝለል ለማንም ጸሐፊ አይገባም። የሸዋን ዕጣ ከሁሉ ይልቅ የለወጠው ጭነት ግን በረጅም ሣጥን ተኝቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቅባት ቅባት እየሸተተ የሚወጣው ነበረ።

የአማርኛ ቋንቋ ይህን ጭነት እንዴት እንደ ተቀበለው ማየት ለሥነ ጽሑፍ ሰው የሚጥም ጥናት ነው። ነፍጥ የሚለው ቃል ከዐረብኛ መጣ፤ ቀድሞ የሚነድ ዘይት ስም ነበረ። ጠመንጃ፣ በጥንቱ አጠራር ጠበንጃ፣ ከቱርኮች ተነሥቶ በዐረቦች አፍ አልፎ ደረሰ። የሚገርመው፣ ይኸው ቃል በቱርኮች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚጠራው ረጅሙን መሣሪያ ሳይሆን በአንድ እጅ የሚተኮሰውን አጭሩን መሆኑ ነው። በጉዞው ላይ ስሙ ከትንሹ ወደ ትልቁ ተዛወረ። ስለዚህ ትንሹ መሣሪያ ስም አጣ። ሕዝቡ ግን በዚህ አልተቸገረም፤ ሸጎጠ ከሚለው የራሱ ግስ ሽጉጥ ብሎ አወጣለት። በመታጠቂያ ሥር፣ በኩታ ውስጥ፣ በኮርቻ ጎን የሚሸጎጥ ነውና።

ስሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን አንድ ምሥጢር ያወጣል። ሽጉጥ የሚለው ቃል ስለ መሣሪያው አሠራር፣ ስለ እሳቱም ሆነ ስለ ጥይቱ አንዳች አይናገርም። የሚናገረው ስለ አያያዙ ብቻ ነው። ፈረንጆች መሣሪያውን በሚሠራው ሥራ ለይተው አንዱን «የሚሽከረከር»፣ ሌላውን «በራሱ የሚሠራ» ሲሉት፣ በዚህ አገር ግን በባለቤቱ ወገብ ላይ ባለው ቦታ ተሰየመ። በመያዝና በመሥራት መካከል ያለው ይህ ርቀት በቃል ደረጃ ትንሽ ይመስላል። በታሪክ ደረጃ ግን ከታጁራ እስከ አንኮበር ካለው በረሃ ይልቅ ይሰፋል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ ጠመንጃን የፈለጉት ዘመኑን እንደሚያውቅ ገዥ ነበረ። በ1833 ዓ.ም. ክረምት በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ሲደርስ፣ ከስጦታዎቹ መካከል በመቶ የሚቆጠሩ ጠመንጃዎችና ሁለት ቀላል መድፎች ነበሩ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በበኩሉ ጠመንጃ አስይዞ መጣ፤ በ1835 ዓ.ም. እሱም ውሉን አስፈረመ። አንዱ ሲሰጥ ሌላው ዐይኑ ይቀላል፤ ንጉሡም ሁለቱንም እያስተያዩ ይቀበላሉ። ብልሃታቸው አይካድም። ጠመንጃው ሲሰበር የሚያየው ደግሞ አገሬው ባለ እጅ ነበረ። የባለ እጁ ነገር ግን ወደ ኋላ ይመጣል።

ሽጉጥ በበኩሉ ከስጦታ ሁሉ የከበረ ስጦታ ነበረ። የአንኮበር ቤት ከዚህ ስጦታ አሳዛኝ ታሪክ ጋር በአንድ ክር ይያያዛል። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው የሣህለ ሥላሴን የልጅ ልጅ ልጅ ምኒልክን ወደ ሰሜን ወሰዱት፤ ልጁ መቅደላ ላይ አድጎ በ1857 ዓ.ም. አምልጦ የአባቱን ዙፋን ያዘ። ወሳጁ ንጉሠ ነገሥት ደግሞ ከንግሥት ቪክቶሪያ የጽሑፍ መታሰቢያ የተቀረጸበት ሽጉጥ ደርሷቸው ነበረ፤ ጽሑፉ ለሟቹ ቆንስል ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ምስጋና ነው፣ ዓመተ ምሕረቱም እ.ኤ.አ. 1861 ይላል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የንግሥቲቱ ወታደሮች መቅደላን ጥሰው ሲገቡ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የገደሉት በዚያው የስጦታ ሽጉጥ እንደ ነበረ ይነገራል። ስንት ባለቅኔ፣ ስንት ጸሐፌ ተውኔት በዚህች ቅጽበት ላይ ቀለሙን እንደ ጨረሰ መቁጠር አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን በመድረክ ላይ አይታይም፤ ቴዎድሮስ በጋፋት ብረት አቅልጠው መድፍ ያሠሩ፣ የአገሩን ወጣት ከባዕድ ባለሙያ ሥር አስቀምጠው ያስተማሩ ንጉሥ ነበሩ። በሞታቸው ሰዓት እጃቸው ላይ የነበረው ግን የተሠራ ሳይሆን የተሰጠ ብረት ነው።

ምኒልክ በአንኮበር ከነገሡ በኋላ በሩ ሰፋ። ግንቦት 1875 ዓ.ም. ከኢጣልያው ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል የተፈረመው በዚሁ በአንኮበር ነው። አንቶኔሊ ጠመንጃ አቀባይ፣ መካሪና ወዳጅ መስሎ ኖረ፤ ኋላም የውጫሌን ውል ይዞ የቀረበ እሱ ነበረ። ያቀበለው ጠመንጃ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ወዴት እንደ ዞረ ዓድዋ ይመሰክራል።

በ1879 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ ደግሞ አንድ ሌላ ነጋዴ አቀበቱን ወጣ። ዕድሜው 32፣ መልኩ በፀሐይ የከሰለ፣ ጭነቱ 2,040 ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት። ስሙ አርተር ራምቦ ነው። ሃያዎቹን በቅጡ ሳይጀምር የፈረንሳይን ግጥም ከሥሩ ነቅንቆ፣ ከዚያ ብዕሩን ጥሎ የሄደው ያ ራምቦ። በታጁራ ዳርቻ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ ቆይቷል፤ የንግዱ ጠንሳሽ ላባቱ በመካከሉ ሞቶበታል። አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም፤ ሐረርን ለመያዝ ዘምተዋል። እንጦጦ ድረስ ሄዶ ጠብቆ ሲያገኛቸው ዋጋው ተቀነሰበት፣ የላባቱም ዕዳ ታሰበበት፤ ከስሮ ወጣ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ለአንድ የኪነ ጥበብ ሰው ሌላ ነው። ላባቱ ትዝታውን የጻፈባቸው 34 ደብተሮች በመበለቲቱ ቤት ነበሩ፤ ራምቦ እርግማኗን ከምንም ሳይቆጥር ደብተሮቹን አቃጠላቸው። ይህን እሱ ራሱ በደብዳቤው ጽፎታል። በዚያ ዘመን ሸዋን ከውስጥ ያየ ሰው የጻፈው ደብተር ምን ይዞ እንደ ነበረ አመዱ ብቻ ያውቃል። ጠመንጃው ተሸጠ፤ ጽሑፉ ነደደ።

ጠመንጃው ግን ምን ዓይነት ነበረ? ጥያቄው የነጋዴ ይመስላል እንጂ የታሪክ ነው። ራምቦ ያመጣው በካፕሱል የሚተኮስ፣ አውሮፓ ከጣለው ዓመታት ያለፉት፣ በቤልጅጉ ሊዬዥ አካባቢ መጋዘኖች እንደ ሙጃ የተከመረ መሣሪያ ነበረ። የጣለውም ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጢስ አልባውን ባሩድ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1886፣ ያም ማለት ራምቦ በታጁራ አሸዋ ላይ ሲንቆራጠጥ፣ የፈረንሳይ ጦር በዚሁ ባሩድ የሚሠራውን የለበል ጠመንጃ ታጠቀ፤ ይኸውም ባላገሩ ኋላ ለበን ያለው ነው። አንድ ጦር አዲስ ሲታጠቅ ሌላው ይከተላል፤ አሮጌው ብረት ወደ አፍሪካ ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ የተፈረመው ስምምነትም ይህንኑ ሕግ አደረገው። በባሪያ ንግድ ስም የተሰበሰቡት መንግሥታት ዒላማ የማይስተውን መሣሪያ ወደ አፍሪካ ማስገባትን ከለከሉ፤ በድንጋይ የሚጭረውን አሮጌ ጠመንጃና ተራውን ባሩድ ግን ፈቀዱ። ለጥቁር ሕዝብ የትኛው እሳት እንደሚበቃው የወሰኑት ኢምፔሪያሊስቶቹ ነበሩ። ኢትዮጵያ ከዚህ አጥር ያመለጠችው በምኒልክ ዲፕሎማሲና በጂቡቲ በር ነው።

ታዲያ ይህ ጢስ አልባ ባሩድ ከሽጉጥ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሁሉን ነገር።

በአማርኛ ጠመንጃ ጥይት ይጎርሳል። ተኳሹ ያጎርሰዋል። ስድስት ጥይት በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዘው ሽጉጥም ስድስት ጎራሽ ይባላል። ማዕድ ላይ የሚደረገው ጉርሻ ለብረትም ሆነ፤ ጉርሻ ደግሞ ምንጊዜም ከሌላ ሰው እጅ ነው፣ ራሱን የሚያጎርስ ሰው ቢኖር እንኳ ጉርሻ አይባልለትም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ የብረት ሠራተኞች የፈለሰፉት ግን በትክክል ይህንኑ ነው፤ ራሱን የሚያጎርስ ብረት።

ነገሩ ሲያብራሩት ቀላል ነው። ባሩዱ ሲፈነዳ እርሳሱን ወደ ፊት በወረወረበት ኃይል ልክ መሣሪያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ባላገር ይህን ጠመንጃው ይራገጣል ይለዋል። ለዘመናት ያ እርግጫ በተኳሹ ትከሻ ላይ ሲባክን ኖረ። ሃይረም ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳየው መትረየስ ያንን የሚባክን ኃይል ሥራ አስያዘው። እርግጫው መዝጊያውን ወደ ኋላ ይወስዳል፣ ባዶውን ቀለህ ያወጣል፣ ሞላውን ይጨምቃል፤ ሞላው ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ተኳሹ የሚቀረው ምላጩን እንደገና መሳብ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በመዳፍ በሚያዝ መሣሪያ ውስጥ ማስገባት ግን በጥቁሩ ባሩድ ዘመን የማይሞከር ነበረ። ጥቁሩ ባሩድ ጥላሸቱን በብረቱ ላይ ይጋግራል፤ በጥቂት ተኩስ ውስጥ ረቂቁ መገጣጠሚያ ይያዛል። ጢስ አልባው በንጽሕና ይነዳል፣ ግፊቱም ተመዝኖ የሚታወቅ ነው። እንግዲህ ሸዋ የአውሮፓን አሮጌ ጠመንጃ እንዲሸምት ያደረገውና የአዲሱን ሽጉጥ በር የከፈተው አንድና ያው ዱቄት ነው።

ሁጎ ቦርካርት የመጀመሪያውን ለገበያ የበቃ ራስ አጉራሽ ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ1893 አወጣ። መዝጊያው እንደ ሰው ጉልበት ይቆለፍና ይታጠፍ ነበረ፤ ድንቅ ሐሳብ፣ ግን ግዙፍና ለእጅ የማይመች መሣሪያ። ጌኦርግ ሉገር ያንኑ ጉልበት አሳጥሮ አስተካክሎ በኋላ ለዓለም ያስተዋወቀውን ሠራ። በዚህ መካከል በኦበርንዶርፍ በማውዘር ፋብሪካ የሙከራ ክፍል ሦስት ወንድማማቾች፣ ፌደርሌ የሚባሉ፣ ከመደበኛው ሥራ በተረፋቸው ጊዜ አንድ ነገር እየሞረዱ ነበረ። የፋብሪካው ጌታ ፓውል ማውዘር በመጀመሪያ አልወደደውም። ሥራው ሲሰምር ግን ወደደው፤ የፈጠራ መብቱም በማውዘር ስም ወጣ። የመጀመሪያው ናሙና የተጻፈበት ቀን እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1895 ነው፣ ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት ያህል በፊት። ዐሥር ጥይት ከምላጩ ፊት ለፊት ባለው ካዝና የሚይዝ፣ እጀታው እንደ መጥረጊያ ዘንግ የሆነ፣ የእንጨት ማኅደሩ ተገጥሞ ሰደፍ የሚሆንለት ይህ መሣሪያ ዛሬ በየቤተ መዘክሩ ማውዘር ይባላል። ፌደርሌ የሚል ስም የተጻፈበት ግን የለም። የወዛደሩ ሞረድ የከበርቴውን ስም ሲያበራ ይህ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አልነበረም።

ሌላው የዚህ ታሪክ ሰው የጠመንጃ ጠጋኝ ልጅ ነበረ። ጆን ብራውኒንግ በአሜሪካ በዩታ ምድር በአባቱ የብረት ቤት ወድቆ ተነሥቶ ያደገ፣ ገና ሳይጎረምስ ከውዳቂ ብረት ጠመንጃ የገጣጠመ ባለ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ሊዬዥ አጠገብ ኤርስታል ከሚገኘው የቤልጅግ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጋር ተዋዋለ። የብራውኒንግ ብልሃት ከሉገርም ከማውዘርም የተለየ ነበረ። ለደካማ ጥይት ቁልፍ አያስፈልግም አለ፤ የተንሸራታቹ ብረት ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ግፊቱን ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1900 የቤልጅግ ጦር የታጠቀው ይህ ሽጉጥ ሰባት ጥይት ይጎርሳል፤ ክብደቱ 625 ግራም ብቻ ነው፣ ለመሸጎጥ የተፈጠረ። በዚያው ዓመት የስዊስ ጦር የሉገርን መረጠ፤ የጀርመን ባሕር ኃይል በ1904፣ ምድር ጦሩም በ1908 ተከተሉ።

የጦር አዛዦቹ ግን እየተጎተቱ ነው የመጡት። ወታደር ጥይት ያባክናል አሉ፤ ሞላ ይሰበራል፣ አሸዋ ይገባዋል አሉ፤ ስድስት ጎራሹ ከከበሮው ጋር የማይከዳ ጓድ ነው አሉ። ፍርሃታቸው ጨርሶ ከንቱ አልነበረም። የአሜሪካ ጦር በማርች 1911 የብራውኒንግን አዲስ ሥራ ሲፈትን 6,000 ጥይት በተከታታይ አስተኮሰው፤ ሲግል ውሃ ውስጥ ይነክሩት ነበረ፤ አንዴም ሳይከዳ ፈተናውን ጨረሰ፣ በዚያው ወር በ29ኛው ቀን ጸደቀ።

ፈተናው ለምን እንደ ተደረገ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም። አሜሪካ ፊሊፒንስን በወረረች ጊዜ የሞሮ ተዋጊዎች በአነስተኛው ጥይት ተመትተው እንኳ ጎራዴያቸውን መዝዘው መምጣታቸውን አላቋረጡም። ስለዚህ የጦር መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1904 ቺካጎ ቄራ ውስጥ ከብት እየተኮሱ የትኛው እርሳስ እንደሚጥል መረመሩ፤ ወፍራሙን፣ 11.43 ሚሊ ሜትሩን መረጡ። የዚያ ስመ ጥር ሽጉጥ አፈሙዝ ስፋት የተለካው አገሩን አልሰጥም ባለ ሰው ደረት ላይ ነው። ከዚያም ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በኦምዱርማን ሜዳ ዊንስተን ቸርችል የተባለ ወጣት መኮንን፣ ትከሻው ቀድሞ ወልቆ ጎራዴ መሰንዘር ስለማይችል፣ በማውዘር ሽጉጥ እየተኮሰ በሱዳናውያን መካከል ጋለበ። በዚያን ቀን ከዐሥር ሺህ የማያንሱ ሱዳናውያን ወደቁ። የፌደርሌ ወንድማማቾች የትርፍ ሰዓት ሥራ ሦስት ዓመት ተኩል ሳይሞላው በኢትዮጵያ ጎረቤት ደም ቀመሰ።

እዚህ ላይ ወደ አንኮበር መመለስ ግድ ነው፤ አንኮበርም አንድ ጊዜ ጠመንጃ ሠርታለችና።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ የስዊስ ወጣት መሐንዲስ ከሁለት ያገሩ ባለሙያዎች ጋር በዚያው በታወቀው መንገድ ወደ ምኒልክ ቤት መጣ። እንደሚተረከው ንጉሡ ጠመንጃ ሥራልኝ አሉት። ኢልግም ከውጭ የሚገዛው ይረክሳል፣ የተሻለም ነው ብሎ መለሰ። እንደ ሒሳብ ትክክል ነው። ንጉሡ ግን ሥራ አሉ። ኢልግ ባለው መሣሪያ ታግሎ አንድ ጠመንጃ ሠራ፤ ምኒልክም ተደስተው ከብርቅ ዕቃዎቻቸው ጋር አኖሩት።

ይህ ትረካ ብዙ ጊዜ ስለ ንጉሡ የማወቅ ጉጉት ምስክር ሆኖ ይነገራል፤ ልክም ነው። ለሚያስተውለው ግን የሚያስቆጨው «አኖሩት» የሚለው ቃል ነው። ያ ጠመንጃ ተፈትቶ ለአሥር ወጣት ቢታይ፣ ሁለተኛው ቢሠራ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢከፋ እንኳ ሦስተኛው ቢሞከር ምን ይሆን ነበረ? ማውዘርም እኮ በአንድ ቀን ማውዘር አልሆነም። ጥፋቱን በንጉሡ ላይ ብቻ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ዙሪያቸውን የከበባቸው ጦርነት ጊዜ አልሰጠም፤ ዓድዋን ያሸነፈው የተገዛ ጠመንጃ ነው፣ ባይገዛ ኖሮ ይህ ጽሑፍ በሌላ ቋንቋ ይጻፍ ነበረ። ችግሩ ከግምጃ ቤቱ ይልቅ ጠልቆ የተቀበረው በኅብረተሰቡ ልማድ ውስጥ ነው።

የሸዋ ባለ እጅ ማን ነበረ? ማረሻ የሚያወጣው፣ ጦርና ጎራዴ የሚቀጠቅጠው፣ የተሰበረውን የጠመንጃ መዶሻ የሚተካው ሰው ነው። ስሙ ራሱ ክብር አለው፤ ባለ እጅ፣ የእጅ ባለቤት። ግን ጠይብ ተባለ፣ ቡዳ ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ርስት ተነፈገ፤ ልጁን ልጃቸው እንዳያገባ ዘር ተቆጠረ። ባላገሩ ያለ እሱ ማረሻ ማረስ አይችልም፣ ጌታው ያለ እሱ ጎራዴ መዝመት አይችልም፤ ሁለቱም ግን ከእሱ ጋር ከአንድ ማዕድ አይቀርቡም። ጉርሻ ያልደረሰው እጅ ማለት ይህ ነው። ብራውኒንግ በዩታ ሳይሆን በአንኮበር ቁልቁለት ከአንድ ባለ እጅ ቤት ተወልዶ ቢሆን፣ ከውዳቂ ብረት የገጣጠመው ጠመንጃ ጥበብ ሳይሆን የቡዳ ሥራ ተብሎ በተፈራ ነበር።

ምኒልክ ይህን ያውቁ ነበረ። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያሉ መሳደብን ከለከሉ፤ የሚሳደበው እሳቸውን እንደ ሰደበ ተቆጥሮ በእስራት እንዲቀጣ አዘዙ። የፊውዳሉ ሥርዓት ራስ ሆነው ሳሉ ከሥርዓቱ ቀድመው አዩ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የጀርመን ምድር ጦር የሉገርን ሽጉጥ ታጠቀ። ዐዋጁ ተነገረ፣ ነጋሪቱም ተጎሰመ፤ ስድቡ ግን ከገበያ አልወጣም።

ራስ አጉራሹ ሽጉጥ ኢትዮጵያ ሲደርስም የደረሰው በዚሁ ሥርዓት ወገብ ላይ ነው። ጠመንጃ የጭፍራ ሆነ፤ ሽጉጥ የጌታ ሆነ። ከካባው ሥር የሚታየው እጀታ እንደ ማኅተም ሥልጣን ይናገር ነበረ። የባላገሩ ቅኔ ይህን ሳያስተውል አልቀረም። ውጅግራው፣ ሰናድሩ፣ ለበኑ፣ ምንሽሩ በፉከራና በቀረርቶ እንደ ልጅ ስማቸው ተጠርቶ ሲወደስ፣ ለሽጉጥ የተዘፈነው ጥቂት ነው። በጥርጣሬ የሚታይ ዕቃ ነበረ፤ በጉባኤ መካከል ከኩታ ሥር የሚወጣ፣ ፊት ለፊት የማይታይ። በሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም. ሳራዬቮ ላይ ከኤርስታል የወጣ የብራውኒንግ ሥራ በአንድ ተማሪ እጅ ሁለት ሰው ገድሎ ዓለምን በእሳት ሲያያይዝ፣ የባላገሩ ጥርጣሬ ያለ ነገር እንዳልነበረ ታየ።

በጠላት ወረራ ዘመን ነገሩ ተገለበጠ። ደብረ ብርሃንና አንኮበር ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በፋሽስቶች እጅ ሲወድቁ፣ በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋና በአንኮበር ገደላ ገደል ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች አልገዛም ብለው አምስት ዓመት ተዋጉ። የኢጣልያ መኮንን ወገቡ ላይ የሚታጠቀው በሬታ፣ በ1934 እ.ኤ.አ. ሞዴልነቱ የሚታወቀው ትንሽ ራስ አጉራሽ፣ አሁን በምርኮ ወደ አርበኛው እጅ ገባ። ያ ሽጉጥ በስጦታ አልተላከም፣ በውልም አልተገዛም።

ይሁንና ምርኮኛው ብረት የራሱ አመል ነበረው። ጠመንጃ ቢሆን ከአንዱ ጦርነት ወደ ሌላው ጥይቱ አይጠፋም፤ ባለ እጁም ቀለሁን ለቅሞ፣ ባሩድና እርሳስ ሞልቶ እንደገና ያስተኩሰዋል። የውጅግራ ጥይት እኮ በዚህ አገር ገበያ እንደ ገንዘብ ዞሯል። ራስ አጉራሹ ግን ምግብ መራጭ ነው። በሬታ የሚጎርሰው አጭሩን 9 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማውዘር 7.63፣ የመጀመሪያው ብራውኒንግ 7.65፤ የአንዱን ለሌላው ቢሰጡት አይቀበልም። ጥይቱ በግምት ተሞልቶ ግፊቱ ቢያንስ መዝጊያው መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቢበዛ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ያ ሁሉ የተመዘነ ግፊት፣ ያ ሁሉ የተለካ ሞላ የሚሠራው ፋብሪካው ከኋላው እስካለ ድረስ ነው። ራሱን ያጎርሳል የተባለው መሣሪያ ከመሣሪያዎች ሁሉ ይልቅ የሌላ እጅ ጠባቂ ሆኖ ተገኘ። የማረኩት ጥይት ያለቀ ለት ተኳሹ ሽጉጡን ወደ ወገቡ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው እንደ ስሙ ተሸጉጦ ይኖራል።

ዛሬ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው፣ የሰሜን ሸዋ የገበያ ቀን ብዙ ነገር ያሳየዋል። ገብሱ፣ ባቄላው፣ የበግ ጠጉሩ፣ ከቆላ የወጣው በርበሬ። ዳር ላይ፣ ከሌላው ሻጭ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ባለ እጁ ማጭዱን፣ ቢላዋውንና ማረሻውን መሬት ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። ብረቱ ከየት እንደ መጣ የጠየቀው ሰው መልሱን ወዲያው ያገኛል። አርጅቶ ከተጣለ የጭነት መኪና የተፈታ ባሌስትራ ነው፤ ጭነት ተሸክሞ ሲታጠፍ ሲመለስ የኖረ ሞላ። ሠሪው እሳት ውስጥ ከትቶ ዐይኑን በቀለሙ ላይ ያሳርፋል። ቀይ ሲሆን አያወጣውም፤ ወደ ብርቱካን መልክ ሲያደላ ይመታዋል፣ ከዚያ ውሃ ይነክረዋል፤ ሲጮህ ድምፁን ያዳምጣል። ሞላው ማረሻ ሆኖ እንዳይሰበር፣ ጉልበቱን ምን ያህል እንደሚያስለቅቀውና ምን ያህል እንደሚያስቀርለት የሚያውቀው በዚያ ድምፅ ነው። ልጁ ወናፉን ይነፋል።